የመስከረም ዐሥራ ስድስት ቀለም

ፈርሂያን የማያውቅ ሰው ሱቃችን ገብቶ ቢያያት መኪና ያመለጣት ይመስለዋል። እግሯ አንድ ቦታ አይረጋም። ቆማ ትጽፋለች፣ ቆማ ትበላለች፣ ስልክ ስታወራ ከበሩ እስከ ፎቶ ኮፒው ማሽን ትመላለሳለች። "ኧረ ቁጭ በይ፣ ወለሉን ጨረስሽው እኮ!" እላታለሁ። "ሐረጌ፣ ስቀመጥ ማዳም የምትጠራኝ ይመስለኛል" ትለኛለች፣ ብላም ትስቃለች። እኔን ግን አያስቀኝም። ሪያድ ሰው ቤት ዓመታት የሠራች ሴት ናት፤ ከዚያ ያመጣችው ዕቃ ሁሉ አልቋል፣ ይሄ ችኮላዋ ብቻ ቀርቷል።

ሱቃችን መካነ ሰላም ከተማ፣ መናኸሪያው ፊት ለፊት ናት። እኔ ሐረግ እባላለሁ። ፎቶ ኮፒ፣ ላሚኔሽን፣ ጉርድ ፎቶና ማመልከቻ መጻፍ የኔ ሥራ ነው። አፌ ትንሽ ይቀድመኛል፣ አልዋሽም፤ "ይሄ ፎቶ እኔን አይመስልም" የሚል ደንበኛ ሲመጣ "እና ማንን እንዲመስል ፈልገህ ነበር?" ማለቴ አይቀርም። ፈርሂያ ደግሞ የሠርግ ካርዱን፣ ባጁን፣ ሰርተፍኬቱን ትሠራለች። ደንበኛ እኔን ፈርቶ እሷን ወድዶ ነው የሚገባው።

አሠራሯ ለብቻው ነው። ሌላው ዲዛይነር በማውስ እየጎተተ፣ እያሰፋ፣ እያጠበበ ነው የሚሠራው። እሷ ትጽፋለች። "ይሄ ርዕስ ነው፣ ይሄ ቀን ነው፣ ይሄ የክርስቲያን በዓል ነው፣ ይሄ የሙስሊም በዓል ነው" እያለች እያንዳንዱን ነገር በምልክት ታጥራለች። ከዚያ ሌላ ቦታ ላይ አንድ መስመር ትጽፋለች፦ የክርስቲያን በዓል ሁሉ ቀይ ይሁን። በቃ። ኮምፒውተሩ ራሱ ገጹን ደርድሮ፣ ቀለሙን መድቦ፣ ለማተሚያ ቤት የሚሆን ፋይል ያወጣላታል። አንዷን መስመር ስትቀይር ዓመቱ ሁሉ ይቀየራል። ሪያድ ሳለች ሥራ ሲቀዘቅዝ በስልኳ ከኢንተርኔት የተማረችው ነው። መጀመሪያ ያየሁ ቀን "አጃኢብ ነው!" ብዬ አፌን ይዣለሁ።

የዚህ ሁሉ ነገር መነሻ ጋሼ በእውቀቱ ናቸው። ከግብርና ቢሮ ጡረታ የወጡ፣ የቅሬያችን ሰብሳቢ። ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ቅሬ ነው የምንለው። የኛ ሙስሊምና ክርስቲያን አንድ ላይ ነው፤ ለቅሶውም አንድ ላይ፣ ድንኳኑም አንድ። ጋሼ በእውቀቱ ክረምቱ ላይ ጃንጥላቸውን እያራገፉ ገቡና፣ "ልጆች፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣው ካላንደር ወይ የእነ ፈርሂያ በዓል ይጎድለዋል፣ ወይ የኛ ይጎድለዋል። ዘንድሮ የራሳችንን እናሳትማለን። የክርስቲያኑ በቀይ፣ የሙስሊሙ በአረንጓዴ" አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፣ ምሥጢር እንደሚያወራ ሰው። "በዚያ ላይ የሚመጣው ዓመት መውሊድና ደመራ አንድ ቀን ነው የሚውሉት። መስከረም ዐሥራ ስድስት!"

"ጨረቃዋ ካላሳሳተችን፣ ኢንሻአላህ" አለች ፈርሂያ።

"ኢንሻአላህ" አሉ እሳቸውም። "ረፋዱን መውሊድ እንበላለን፣ ከሰዓት ደመራ እናበራለን። ድንኳኑ አይነቀልም። ሰዉ ካላንደሩን ሲቀበል መጀመሪያ የሚያየው እሷን ቀን ነው፤ አደራ!"

ፈርሂያ ሥራውን ስትቀበል ሌላ ነገርም በእጇ ነበር። ወንድሟ አህመድ ሪያድ ሆኖ ቪዛ አውጥቶላታል። ነሐሴ መጨረሻ ላይ መሄጃዋ ነው። ከመጣች ጀምሮ አገሩ አልያዛትም። ሥራው አንድ ሳምንት ይሞቃል፣ ሁለት ሳምንት ይቀዘቅዛል። ልጇ አሚራ ዐሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ ገና ጡት እንደተወች ነው ለአያቷ ትታት የሄደችው። ስትመለስ ልጅቷ ከአያቷ ቀሚስ ጀርባ ሆና አየቻት፤ እስከ ዛሬም ውሃ ሲጠማት የምትጠይቀው አያቷን ነው። ፈርሂያ ይሄንን ታያለች፣ ተነሥታ ትወጣለች።

ጠዋት "እሄዳለሁ፣ እዚህ ምን አለኝ?" ትላለች። ከሰዓት "ልቅር ይሆን፣ ሐረጌ?" ትለኛለች። እኔ እንድትቀር እፈልግ ነበር። ምን እደባብቃለሁ? ብቻዬን ሱቅ ከፍቼ ብቻዬን ስዘጋ ይታየኛል። ግን አሻንጉሊት አይደለችም፣ ይዤ አላስቀራት። "ካላንደሩን ጨርሼ ነው የምሄደው" አለች በመጨረሻ። "እናቴ ቤት ተሰቅሎ አሚራ ታየዋለች።" በቃ፣ ቁርጡ ይሄ ሆነ።

የሚያትምልን ደሴ ያለው ደሳለው ነው። ጥፍሩ ውስጥ ያለው ቀለም ከልጅነቱ ጀምሮ ያለ ነው የሚመስለኝ። የሱ ማሽን አሮጌ ነው፤ አንድ ቀለም ባንድ ጊዜ ነው የሚያትመው። ለጥቁሩ አንድ ፕሌት፣ የማተሚያ ሰሌዳ ማለት ነው፣ ለቀዩ አንድ፣ ለአረንጓዴው አንድ። አረንጓዴን ከሰማያዊና ከቢጫ ነጠብጣብ አዋህዶ ማውጣት ይቻላል፤ ግን ወረቀቱ ትንሽ ሸርተት ካለ ነጠብጣቡ አይገጥምም፣ ትንንሹ ፊደል ሁለት ሁለት ሆኖ ይታያል። የቅሬው ሽማግሌዎች መነጽር አድርገውም አያነቡት። ስለዚህ አረንጓዴው ቆርቆሮ ውስጥ ተበጥብጦ፣ ራሱን ችሎ፣ በራሱ ፕሌት ይገባል። ስፖት ከለር የሚሉት ይሄ ነው። ፈርሂያ ፋይሉ ላይ የቀለሙን ስም ብቻ ትጽፋለች። ማተሚያ ቤቱ ስሙን አይቶ ፕሌቱን ይለያል፤ ስክሪኑ ላይ የሚታየው መልክ ለሱ ጉዳዩም አይደል።

ለጋሼ በእውቀቱ ግን ጉዳያቸው ነበር።

አንድ ረፋድ ሥራውን ሊያዩ መጡ። ፈርሂያ መስከረምን ከፈተችላቸው። መነጽራቸውን አወጡ፣ ጠረጉ፣ አደረጉ፣ ወደ ስክሪኑ ተጠጉና ቀጥ አሉ። "ይሄ ምንድን ነው?"

"መውሊድ ነው፣ ጋሼ።"

"መውሊድ እንዲህ ሆኖ ያውቃል? የሙሽራ ጥፍር አስመሰልሽው እኮ!"

እውነታቸውን ነው፤ ፍም የመሰለ ሮዝ ነበር። እኔ ሳቄን ለመደበቅ ወደ ፎቶ ኮፒው ዞርኩ። ፈርሂያ በአንድ እግሯ ቆማ፣ በሌላኛው መሬቱን እየመታች ታስረዳቸዋለች። "ጋሼ፣ የኛ ስክሪን አርጅቷል፣ ጥቁር አረንጓዴውን ከጥቁሩ አይለይልኝም። የት የት እንደገባ እንዲታየኝ ብዬ ሮዝ አስመሰልኩት እንጂ ስሙ አረንጓዴ ነው። ሲታተም አረንጓዴ ነው የሚወጣው።"

"የማየውን ትቼ የማላየውን ልመን?"

"አዎ፣ ጋሼ።"

"ልጄ፣ የማላየውን የማምነው ቤተ ክርስቲያን ስገባ ነው። ከኮምፒውተር ጋር እንዲህ ያለ ነገር አልጀምርም!"

"ጋሼ፣ እኔ ዋስ ነኝ" አልኩ።

"አንቺማ ባለፈው የኔን ጉርድ ፎቶ የሟች ወንድሜን አስመስለሽ ሰጥተሽኛል፣ ዋስ አትሆኚም" አሉኝ። ፈርሂያ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እሳቸውም አብረው ሳቁ፣ ቀጥለውም ኮስተር አሉ። "እሺ። አንቺን አምኜ ነው፣ ፈርሂያ። ግን ከመሄድሽ በፊት ደሴ ራስሽ ደርሰሽ የመጀመሪያዋን ወረቀት በዓይንሽ እያት። አላህ መንገድሽን ያቅናልሽ።"

ጉዞውን አንድ ላይ አደረገችው። ደሴ ገብታ ወረቀቷን ታያለች፣ አድራ በማግስቱ ጎህ ሲቀድ በአውቶቡስ ወደ አዲስ አበባ፣ በዚያው ምሽት አውሮፕላን። እኔ ሱቁን ዘጋሁና ልሸኛት አብሬያት ተነሣሁ። መናኸሪያው ድረስ አሚራ ትንሿን ቦርሳ ተሸክማ መጣች። አላለቀሰችም። ቦርሳውን አስረከበችና ለእናቷ እጇን ዘርግታ ጨበጠቻት፣ እንግዳ እንደሚሸኝ ሰው። "በሰላም ግቢ" አለቻት። ፈርሂያ ጎንበስ ብላ ልታቅፋት ስትል ረዳቱ "ግቡ፣ ግቡ፣ ሞልቷል!" ብሎ ጮኸ። ያን ረዳት ያን ጊዜ በጥፊ ባጮልኩት ደስ ይለኝ ነበር።

መንገዱን ታውቁታላችሁ፤ ክረምት ላይ ደግሞ ይብሳል። አቀስታ እስክንደርስ ፈርሂያ መስኮቱን ስትከፍት ስትዘጋ፣ ስልኳን ስታወጣ ስትከት፣ ፊት የተቀመጡት ሴትዮ ዞረው "ልጄ፣ አብሽሪ፣ ምን ሆነሽ ነው?" አሏት። "ምንም አልሆንኩ፣ እማማ፣ መንገደኛ ነኝ" አለች። "ሁላችንም መንገደኛ ነን፣ እኛ ግን ተቀምጠናል" አሏት። ትንሽ ሳቅ አለችና ብዙም ሳትቆይ መስኮቱን መልሳ ከፈተችው። ብርዱ የኔን ጆሮ ቆረጠው፤ ነጠላዬን ተከናነብኩ። የምትሄድ ሰው አይቆጧትም።

ደሴ ስንገባ ደሳለው ጥቁሩንና ቀዩን አትሞ፣ አረንጓዴውን ሊያስገባ እየበጠበጠ አገኘነው። ፈርሂያ ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ቆርቆሮው ላይ አጎነበሰች። "ትንሽ ይጥቆር። ትንሽ። በቃ!" የጁምአ መስጊዳችንን በር ቀለም ነው የፈለገችው፣ ሌላ አረንጓዴ አትወድም። ማሽኑ ተንኳኩቶ ተነሣ፣ የመጀመሪያዋ የመስከረም ወረቀት ወጣች።

አረንጓዴው አረንጓዴ ሆኖ ወጣ። አንድ ቅንጣት ሮዝ የለበትም። ትንንሹ ፊደል እንኳ ጥርት ያለ ነው። "አልሃምዱሊላህ!" አልኩ እኔው፣ ከሷ ቀድሜ። "ጋሼ በእውቀቱ ይህን ሲያዩ..." ብዬ ወደሷ ዞርኩ። ፈርሂያ አልሰማችኝም። ጣቷ መስከረም ዐሥራ ስድስት ላይ ቆሟል።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። የሙስሊም በዓል ሲሆን የቀኑ ሳጥን አረንጓዴ ይሞላል፣ የክርስቲያን በዓል ሲሆን ቁጥሩ ቀይ ይሆናል። ዐሥራ ስድስት ሁለቱንም ስለሆነች ቀይ ቁጥር በአረንጓዴ ሳጥን ውስጥ መሆን ነበረባት። የወጣው ግን ቀይም አረንጓዴም አይደለም። አንዱ ቀለም በሌላው ላይ ተደፍቶ ቁጥሩ የቡና አተላ መስሏል። ፲፮ ይሁን ምን ይሁን አይለይም። ከሩቅ ስታዩት ቀኗ ላይ ጭቃ የተረገጠ ነው የሚመስለው።

"ስክሪኑ ላይ ቀይ ነበር" አለች ፈርሂያ ቀስ ብላ። "ሐረጌ፣ አንቺም አይተሻል። ጥርት ያለ ቀይ ነበር።"

ደሳለው መጥቶ አየና ጭንቅላቱን አከከ። "ቀለሞቹ ተደራርበው ይታተሙ ብለሽ አዘሻላ። ስክሪን መደራረቡን አያሳይም፣ ላይ ያለውን ብቻ ነው የሚያሳይሽ።"

ከዓመት በፊት በአንድ የሠርግ ካርድ ላይ ጥቁሩ ጽሑፍ ከሥሩ ካለው ቀለም ጋር ሳይገጥም ቀርቶ በፊደሉ ዙሪያ ነጭ ክፍተት ታይቶ ነበር። ያን ጊዜ ራሱ ደሳለው ነው "ከጥቁሩ ሥር ያለውን ቀለም አትቁረጪ፣ ጥቁሩ በላዩ ይታተም" ያላት። እሷ ደግሞ ለጥቁሩ ብቻ የተባለውን ለቀለም ሁሉ ጻፈችው። አንድ መስመር ናት። ዓመቱን ሙሉ አንድም ቦታ አልጎዳችም፤ ቀይና አረንጓዴ የሚገናኙት መስከረም ዐሥራ ስድስት ላይ ብቻ ነውና። ሌላ አገር ቢሆን ይህች ቀን መኖሯንም የሚያውቅ የለም፤ ካላንደሩ ወይ የአንዱ ነው፣ ወይ የሌላው።

"አንድ ቀን ናት" አለ ደሳለው፣ ሌላ ሥራ ይጠብቀው ነበርና። "ከዓመቱ ውስጥ አንዷን ቀን ማን ያያታል?"

"ማን ያያታል?" ጮኸች ፈርሂያ። እንዲህ ስትጮህ ሰምቻት አላውቅም። "መካነ ሰላም በሙሉ እሷን ነው የሚያየው! መውሊድና ደመራ የገጠሙባትን ቀን አበላሽቼ ልሂድ? ምን ይላሉ? አንድ ላይ ሲሆኑ ተበላሹ እንዲሉ ነው?" ወጣች፣ ተመለሰች፣ ደግሞ ወጣች። ማተሚያ ቤቱ በር ላይ ወዲያ ወዲህ ስትል ልብሷ በካፊያ ራሰ።

ስትመለስ ፊቷ ተለውጧል። "ደሳለው፣ ከቀዩ ሥር አረንጓዴውን ቆርጬ ባወጣልህስ?"

"ይቻላል። ግን የኔን ማሽን ታውቂዋለሽ፤ ሸርተት ካለ ነጭ ጠርዝ ያሳያል።"

"እንግዲያው አይነካኩ" አለች። "ሳጥኑ ይቅር። ቁጥሩ ፲ እና ፮ አይደል? ሁለት ነው። አንዱ ቀይ፣ አንዱ አረንጓዴ ይሁን። ጎን ለጎን። ማንም በማንም ላይ አይታተምም።"

ደሳለው ወረቀቷን አየ፣ እኔን አየኝ፣ ፈገግ አለ። "ይሄማ ያምራል" አለ።

ግን የትኛው የማን ይሁን? ይህንን ራሷ አልወስንም አለች፤ ጋሼ በእውቀቱ ጋ ደወለች፣ ስልኩን ለሁላችንም እንዲሰማ አደረገችው። የተበላሸውን ነገረቻቸው፣ አልቆጡም። ስለ አከፋፈሉ ስትጠይቃቸው ግን ያልተጠበቀ ነገር ተጀመረ።

"ዐሥሩን ለመውሊድ ስጡት" አሉ። "ትልቁ እሱ ነው። ለኛ ስድስቱ ይበቃናል።"

"እንዴት ይሆናል፣ ጋሼ! እርስዎ ሰብሳቢ ሆነው? ዐሥሩ የደመራ ይሁን።"

"በፍጹም! እንግዳ ትቀድማለች፤ መውሊድ በዚህ ቀን ስትመጣ ስንት ዓመቷ ነው? ደመራ መቼም ከመስከረም ዐሥራ ስድስት ንቅንቅ አይልም።"

"ጋሼ፣ በአላህ ይዤዎታለሁ..."

"እኔም በማርያም ይዤሻለሁ!"

"ኧረ ተስማሙ!" ጮህኩ እኔ። "ማሽኑ ቆሟል፣ ሰውየው ሥራ አለበት፣ እናንተ ቁጥር ትገባበዛላችሁ! ጋሼ ያሉት ይሁን፣ በቃ! ዐሥሩ አረንጓዴ፣ ስድስቱ ቀይ!"

"ሐረግ ናት? ፈረደች" አሉና ዘጉት።

ፈርሂያ የደሳለው ጠረጴዛ ላይ ቆማ ጻፈች። መጀመሪያ ያቺን አንድ መስመር ለጥቁር ብቻ አደረገቻት። ቀጥላ አዲስ ምልክት ፈጠረች፦ የጋራ በዓል። "እስከ ዛሬ እንዲህ የሚባል ቀን ጽፌ አላውቅም ነበር" አለችኝ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳታነሣ። ግን ፕሌት የሚያወጣው ቤት ዘግቷል። ነገ ረፋድ ነው የሚከፍተው። እሷ ደግሞ ጎህ ሲቀድ ትሄዳለች።

"ችግር የለም" አለ ደሳለው። "አንቺ ሥራሽን ጨርሰሻል። ፕሌቱን አወጣለሁ፣ አትማለሁ፣ ፎቶ አንሥቼ በቴሌግራም እልክልሻለሁ።"

"ፎቶ" አለች ፈርሂያ።

በማግስቱ ማለዳ ደሴ መናኸሪያ ነን። ጭጋጉ የጦሳን ተራራ ሸፍኖታል፣ ረዳቶቹ "አዲስ አበባ! አዲስ አበባ!" ይላሉ። ሻንጣዋ ጣራ ላይ ተጭኗል፣ ትንሿ ቦርሳ በእጇ ናት። ገባች፣ ተቀመጠች፣ ወረደች። "ሐረጌ፣ ፕሌቱን ስታዩ ዐሥሩ ከአረንጓዴው ጋር መሆኑን..." "አያለሁ።" ገባች። ወረደች። "የወረቀቱን ጫፍም..." "ፈርሂያ!" አልኳት፣ አልቻልኩም። "አትሂጂ። ይኸው አልኩሽ። ስትሄጂ ልቤ ይሰበራል። አሁን ከፈለግሽ ሂጂ።"

አየችኝ። ዓይኗ ቀላ። "ትናንት ስክሪኑ ላይ ቀይ አልነበር?"

"ነበር።"

"አሚራም ስክሪኑ ላይ ትስቅ ነበር። ሪያድ ሆኜ ስደውል ሁልጊዜ ትስቅልኛለች። እናቴ 'ሳቂ፣ እናትሽ ናት' ስትላት ነበር ለካ። ስመጣ ልጄን አላውቃትም፤ እሷም አታውቀኝም። አሁን ሄጄ እንደገና በስልክ ላሳድጋት?"

ሹፌሩ ክላክስ አደረገ፣ ረዳቱ ገፋ አድርጎ አስገባት። አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ። እኔ እንደ ሕፃን እያለቀስኩ ቆሜ ቀረሁ፣ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ከትቼ። አውቶቡሱ ወደ በሩ ታጠፈ። ከውስጥ ድምፅ ሰማሁ፤ የማውቀው ድምፅ።

"ወራጅ አለ!"

ሹፌሩ አልሰማ አለ። "ወራጅ አለ እኮ ነው የምለው! ክፈት!" አውቶቡሱ በሩ ላይ ገትሮ ቆመ፣ ከኋላው ያሉት መኪኖች ጩኸታቸውን ለቀቁት። ረዳቱ እየተራገመ ጣራው ላይ ወጥቶ ሻንጣዋን ፈታ፣ ወረወረው። ተሳፋሪው በመስኮት ይሳደባል፣ "እብድ ናት!" ይላል አንዱ። ፈርሂያ ሻንጣዋን እየጎተተች በጭቃው መሐል ወደኔ መጣች።

"ወረቀቱን በዓይኔ ሳላይ አልሄድም" አለች እያለከለከች።

"ካየሽ በኋላስ?"

"እንጃ። መጀመሪያ ልየው።"

ረፋድ ላይ ፕሌቱ ወጣ። ማሽኑ ተነሣ። እኔና እሷ አንዳችን የሌላችንን እጅ ይዘን ቆምን፣ ማን የማንን እንደጨመቀ አላውቅም። ወረቀቷ ወጣች። ፲ አረንጓዴ፣ ፮ ቀይ። ሁለቱም ጥርት ያሉ፣ ጎን ለጎን፣ አንዱ በሌላው ላይ ሳይወጣ። ደሳለው ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሣት። ፈርሂያ ከእጁ ቀማችው፣ ቀለሙ ሳይደርቅ በጣቷ ነካችው፣ ጣቷም አረንጓዴ ሆነ፣ ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው።

ስልኳ ጮኸ። አህመድ ነው። ከርቀት የሱን ጩኸት እኔም ሰማሁት፦ "አውቶቡሱ አመለጠሽ? ቪዛው እኮ ይቃጠላል! ሌላ ታክሲ ያዢና..."

"አህመድ፣ ወንድሜ፣ አላመለጠኝም" አለችው። "ወርጄ ነው።"

እስኪገባው ድረስ ጊዜ ወሰደበት። ሲገባው ጮኸባት፤ እስኪጨርስ ሰማችው። ደክሞበታልና የሱም ብስጭት እውነት ነው፣ እኔም አልፈርድበትም። "አፉ በለኝ" አለችውና ቀስ ብላ ዘጋችው። ከዚያ እናቷ ጋ ደወለች፦ "አልሄድኩም። ካላንደሩ ሲያልቅ እመጣለሁ።"

ካላንደሩ እስኪያልቅ ደሴ ቆየን። የዓመቱን ወር ሁሉ አንድ በአንድ ሲወጣ አየችው። ከዚያ በአይሱዙ ጭነን መካነ ሰላም ገባን። ጋሼ በእውቀቱ ሱቁ በር ላይ ይጠብቁናል። የመጀመሪያውን እሽግ ራሳቸው ቀደዱት፣ መነጽራቸውን አደረጉ፣ መስከረምን አዩ። ወረቀቱን ወደ ብርሃን አዙረው ደግመው አዩ። "ጋሼ፣ ምን ጎደለ?" አልኩ። "ምንም" አሉ። "አረንጓዴ ነው። ወላሂ አረንጓዴ ነው!" ብለው ፈርሂያን ግንባሯን ሳሟት፣ ከዚያ የመጣ የሄደውን ሁሉ እየጠሩ ዐሥራ ስድስትን ያሳዩ ጀመር። ሌላው ቅሬ ደግሞ የራሱን ሊያሠራ ለመምጣት አልቆየም፤ ይሄንን የምናገረው ፈርሂያ ሥራ ስለበዛላት ቀረች የሚል ሰው እንዳይኖር ነው። የቀረችው ከዚያ አስቀድማ ነው።

አሚራ በካፊያው ውስጥ ከአያቷ ቤት መጣች። በሩ ላይ ቆማ እናቷን አየቻት። አልሮጠችም። ፈርሂያም አልሮጠችም፤ ፈራች። አንዱን ካላንደር አንሥታ ዘረጋችላት። "እንቺ። የኔ ሥራ ነው።"

ልጅቷ ተቀበለችው። ጋሼ በእውቀቱ "መስከረምን እያት፣ ልጄ፣ መስከረምን!" ይሏታል። እሷ መስከረምን አገላብጣ አለፈችው። ጥቅምትን በጣቷ ተከተለችው፣ ኅዳርን ተከተለችው፣ ታኅሣሥን። ቀዩ ላይ ትቆማለች፣ አረንጓዴው ላይ ትቆማለች፣ ከሥሩ የተጻፈውን ታነባለች፣ ታልፋለች።

"ምን እየፈለግሽ ነው?" አለቻት ፈርሂያ።

"የምትሄጂበትን ቀን።"

ጋሼ በእውቀቱ ቀና አሉ። እኔ የተቀደደውን እሽግ መደርደር ጀመርኩ።

"የለም" አለቻት ፈርሂያ።

"ቀኑ ተገፍቷል አለች አያቴ።"

"አልተገፋም። የለም፣ ልጄ።"

አሚራ እናቷን ትክ ብላ አየቻት። አላመነቻትም፤ ለምን ታምናታለች? ወደ ካላንደሩ ተመለሰች። እስከ ጳጉሜን ድረስ አንድ በአንድ ገለጠችው፣ ጨረሰችውና እንደገና ከመስከረም ጀመረች። ፈርሂያ አላቋረጠቻትም።